ቡፌው ሌሊት ለምን ይጮኻል? በደጋ ቤት የእንጨት ዕቃ አያያዝና የሳሎን አደረጃጀት

ጥቅምት ተጋምሶ ኅዳር ሲገባ ደብረ ብርሃን ላይ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ጠራራ ፀሐይ ይሆናል። በዚህ ሰሞን ቤተሰቡ ሁሉ ተኝቶ ቡፌው ወይም ቁም ሳጥኑ ድንገት «ቋ!» የሚል ድምፅ ያሰማል። አይጥ አይደለም፤ ሌላም ነገር አይደለም። ክረምቱን ሙሉ እርጥበት ሲጠጣ የከረመ እንጨት አሁን ውሃውን እየለቀቀ ይሰበሰባል። በምስማር ወይም በኮላ የታሰረው ጎኑ አላላውስ ሲለው ይወጠርና አንድ ቦታ ላይ ይለቃል። የምንሰማው ያንን ነው። ድምፁ በተሰማ በወሩ በቡፌው ጎን ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ብትታይ ምክንያቱ ይኸው ነው።

የቤት ዕቃ አያያዝ ሲባል ብዙ ሰው ጨርቅ ይዞ አቧራ መወልወል ይመስለዋል። መወልወሉ ጥሩ ነው፤ ዕቃ የሚያልቀው ግን በአቧራ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ጉሙና ዝናቡ ፋታ አይሰጥም፣ ልብስ ሦስት ቀን ተሰጥቶ አይደርቅም። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደግሞ አየሩ ከንፈር ይሰነጥቃል። ከንፈር የሚሰነጥቅ አየር ጠረጴዛም ይሰነጥቃል። ስለዚህ በሰሜን ሸዋ ደጋ ቤት የሚያደራጅ ሰው ከቀለምና ከመጋረጃ ምርጫ በፊት ሁለት ነገር ማወቅ አለበት፦ እርጥበቱ በየት በኩል እንደሚገባና ፀሐይዋ የት እንደምታርፍ። ሌላው ሁሉ ከዚያ ይከተላል።

እንጨቱ በየት በኩል ይንቀሳቀሳል

እንጨት በርዝመቱ አይለወጥም ማለት ይቻላል። የሚሰፋውና የሚጠበው በወርዱ ነው። 80 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው የጠረጴዛ ገበታ በውስጡ ያለው እርጥበት በ4 በመቶ ሲቀንስ፣ እንደ እንጨቱ ዓይነትና እንደ አሰነጣጠቁ ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ሊጠብ ይችላል። ትንሽ ይመስላል እንጂ ይህን የሚያቆም ምስማርም ኮላም የለም። ወይ እንጨቱ ይሰነጠቃል፣ ወይ መጋጠሚያው ይከፈታል፣ ወይ ገበታው እንደ ቆርቆሮ ይጎብጣል።

ስለዚህ አናጺ ጋ ዕቃ ስታሠሩ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ገበታው ከእግሮቹ ክፈፍ ጋር በኮላ እንዳይጣበቅ፤ በብሎን ይታሰርና የብሎኑ ቀዳዳ ወደ ገበታው ወርድ በኩል ረዘም ተደርጎ ይበሳ፣ እንጨቱ ሲንቀሳቀስ ብሎኑ አብሮት እንዲሄድ። ሁለተኛ፣ የቁም ሳጥኑ በር መሐል ላይ የሚገባው ሳንቃ በክፈፉ ቦይ ውስጥ ያለ ኮላ ይቀመጥ፣ በየጎኑም 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተውለት። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነው፤ ቫርኒሹ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከታችና ከጀርባም ይቀባ። ከላይ ብቻ የተቀባ ገበታ በታች በኩል እርጥበት በፍጥነት ይጠጣል፣ በፍጥነትም ይለቃል፤ ሁለቱ ፊቶች እኩል ስላልሄዱ ይጎብጣል። «እንጨቱ ጥሬ ነበር» ተብሎ አናጺው ከሚወቀስበት ጥፋት ብዙው የጀርባ ቅብ ማጣት ነው።

በእርግጥ እንጨቱ ጥሬ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። በደብረ ብርሃን ዙሪያ በቅርብ የሚገኘው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፣ ለእግርና ለክፈፍ ይሆናል፤ ግን ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ጫፉም ይተረተራል። ለሰፊ ገበታ አልመክረውም። ዋንዛ በተቃራኒው ቀላል፣ ለመላጊያ የሚመች፣ ከደረቀ በኋላም ብዙ የማይንቀሳቀስ እንጨት ነው። አባቶች ለበርጩማ የመረጡት ያለምክንያት አይደለም። ፅድ ጠረኑና ዘይቱ ተባይ ያርቃል፣ ለልብስ ሳጥን ይስማማል፤ ነገር ግን በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ ብሎን ከመግባቱ በፊት ቀዳዳ ይፈልጋል።

ሳንቃ ገዝታችሁ ራሳችሁ የምታደርቁ ከሆነ በጥላ ሥር፣ ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ደርድሩ። በየሳንቃው መሐል 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸውን ደረቅ ዱላዎች በየ50 ሴንቲ ሜትሩ አግድሙ፤ ዱላዎቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ይሁኑ። የሳንቃዎቹን ጫፎች ትርፍ ቀለም ቀቧቸው። ውሃ በጫፍ በኩል ቶሎ ስለሚወጣ ነው ጫፍ የሚሰነጠቀው። ልምዱ ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ገደማ ነው። ከዚህ የተሻለው ማረጋገጫ ሚዛን ነው፦ አንዱን ሳንቃ ምልክት አድርጋችሁ በየሳምንቱ መዝኑት። ለሦስት ሳምንት ያህል ክብደቱ መቀነሱን ካቆመ ከአየሩ ጋር ተስማምቷል ማለት ነው።

ዕቃ ከቦታ ቦታ ሲጓዝም ይኸው ሕግ ይሠራል። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣርማ በርን ተሻግሮ በደብረ ሲና ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ከፍታው 1,280 ሜትር ገደማ ነው። ከ100 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መንገድ 1,500 ሜትር ቁልቁል። በአንዱ አየር የተሠራ ቁም ሳጥን በሌላው ሲቀመጥ በሮቹ መግጠም እምቢ ይላሉ። ወዲያው መላጊያ አታንሡ። ከግድግዳ አርቃችሁ፣ ፀሐይና ከሰል በማያገኘው ቦታ ሁለት ሦስት ሳምንት ተውት። አየሩን ከለመደ በኋላ የቀረውን ማጠፊያው ላይ አስተካክሉ።

በክረምት የተጣበቀ መሳቢያም እንደዚሁ ነው። ሐምሌ ላይ የተላገ መሳቢያ ጥር ላይ ይንኳኳል። መንሸራተቻውን በሻማ አሹት፤ እሱ በቂ ነው። ጥር ላይ የተከፈተ ስንጥቅን ደግሞ በስቱኮ አትሙሉ። ሐምሌ ላይ እንጨቱ ሲያብጥ ስቱኮው ወይ ተጨፍልቆ ይወጣል፣ ወይ አጠገቡ ያለውን መጋጠሚያ ይገፋል። ስንጥቁ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ከዚያው ዓይነት እንጨት ቀጭን ስንጣሪ ተላግቶ በአንድ ጎኑ ብቻ ኮላ ተቀብቶ ይገባበታል። ሌላኛው ጎን ነጻ ይሆናል።

ግድግዳውን መመርመር

የቺፑድ ቁም ሳጥን በሁለት ዓመት ውስጥ ጀርባው ሻግቶ፣ እግሩ አብጦ ሲገኝ «ዘንድሮ ዕቃው ሁሉ የማይረባ ሆነ» ይባላል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የግድግዳው ነው። የድንጋይ ግድግዳ ከመሬት ውሃ ይስባል፤ የጭቃ ግድግዳም የውጭ ልስኑ ከተሰነጠቀ ዝናቡን ያስገባል።

ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ላስቲክ ቁረጡና ግድግዳው ላይ አራት ጎኑን በፕላስተር በደንብ አሽጉ። አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን ተውት። ጠብታው ላስቲኩ ውስጥ፣ በግድግዳው በኩል ከታየ ውሃው ከግድግዳው ነው የሚመጣው፤ የውጩን ልስን፣ የጣሪያውን አሸንዳና ከግድግዳው ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ ሳታስተካክሉ የትኛውም ዕቃ እዚያ አይሰነብትም። ጠብታው ላስቲኩ ላይ፣ በክፍሉ በኩል ከታየ ግን ውሃው የኛው ነው፦ የድስቱ እንፋሎት፣ የልብስ ማድረቁ፣ የሰው ትንፋሽ ከቀዝቃዛ ግድግዳ ጋር ሲገናኝ ጤዛ ይሆናል። ለዚህ መድኃኒቱ በቀን ሁለት ጊዜ መስኮት ከፍቶ ለሩብ ሰዓት አየር ማስለወጥ ነው። ብርድ ይገባል ተብሎ ክረምቱን ሙሉ የተዘጋ ቤት ዕቃውን ያሻግታል።

ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ትልልቅ ዕቃዎችን ከግድግዳ 5 ሴንቲ ሜትር አርቁ። ቁም ሳጥኑ ከታች ወለሉ ላይ ተቀምጦ እንደሆነ ቢያንስ 8 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያላቸውን እግሮች አስገቡለት። ቺፑድ የተፈጨ እንጨት በሙጫ ተጠቅጥቆ የተሠራ ነው፤ አንድ ጊዜ ውሃ ጠጥቶ ካበጠ ቢደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም። ውሃው የሚገባው ልባጭ በሌለው ጠርዝ ነው፣ ያውም ማንም በማያየው በታችኛው። ዕቃው ቤት ሲገባ ገልብጣችሁ የታችኛውን ጠርዝና የብሎን ቀዳዳዎቹን ቫርኒሽ ሁለት እጅ ቀቧቸው። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ዕድሜውን በዓመታት ያራዝመዋል።

እዚህ ላይ ስለ ቀጤማ አንድ ነገር። በዓል ሲሆን ርጥብ ቀጤማ ወለሉ ላይ ይጎዘጎዛል፣ ለሁለትና ለሦስት ቀንም ይቆያል። ደስ ይላል፣ ይሽታል፤ ከሥሩ ያለው ወለል ግን ርጥብ ነው። ቀጤማውን ከቺፑድ ዕቃ 30 ሴንቲ ሜትር አርቃችሁ ጎዝጉዙ፣ ማታ ማታም ከዕቃው እግር አካባቢ ያለውን አንሱት።

መደርደሪያ ሲጎብጥም ምክንያቱ ቀላል ነው። 16 ወይም 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቺፑድ ያለ መሐል ድጋፍ ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ድረስ ይችላል። ቡፌው 1 ሜትር ወርድ ኖሮት ሙሉ የሸክላ ሳህን ከተጫነበት መጉበጡ አይቀርም። የጎበጠውን ገልብጡት፣ ከዚያ መሐሉ ላይ ቋሚ ድጋፍ አስገቡ ወይም በፊት ጠርዙ ሥር 4 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ጠንካራ እንጨት በብሎን አስሩበት።

የተንገዳገደ ወንበር

ይህን በዝርዝር መጻፍ የምፈልገው በየቤቱ በምስማር የሚበላሽ ዕቃ ስለሆነ ነው። ወንበር ሲንገዳገድ መጋጠሚያው ላይ ምስማር መምታት ለአንድ ወር ያቆመዋል። ከዚያ ምስማሩ ወንዴውን እንጨት (ወደ ሌላው እንጨት ቀዳዳ የሚገባውን ጫፍ) ይሰነጥቀዋል፣ ይዝጋል፣ ቀዳዳውም ይሰፋል፤ በኋላ ጥሩ አናጺ እንኳ ሊያድነው ይቸገራል።

መጀመሪያ ወንበሩን ደልዳላ ቦታ ላይ አስቀምጡና የኋላውን እግር በአንድ እጅ፣ መቀመጫውን በሌላው ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ነቅንቁት። የትኛው መጋጠሚያ እንደሚከፈት በዓይን ይታያል፤ ጥቁር መስመር ይከፈታል፣ ይዘጋል። የላላውን ብቻ ፍቱ። የጠነከረውን አትንኩ። ምስማር ካለ አስቀድሞ ይነቀላል። እምቢ ካለ የሞቀ ኮምጣጤ በጠብታ መጋጠሚያው ላይ አድርጉና ሩብ ሰዓት ጠብቁ፤ ነጩን ኮላ ያለሰልሰዋል። በመዶሻ የሚመታ ከሆነ በመሐል ጨርቅ የተጠቀለለ እንጨት ይሁን።

ወንዴው ሲወጣ ላዩ ላይ ቢጫ፣ የሚያብለጨልጭ ቅርፊት ይታያል። እሱ የድሮው ኮላ ነው። አዲስ ኮላ የሚይዘው ከእንጨት ጋር እንጂ ከደረቀ ኮላ ጋር አይደለም፤ ብዙ ጥገና በወሩ የሚፈታው ለዚህ ነው። በቢላ ጀርባና በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እንጨቱ እስኪታይ ጥረጉት፣ ግን የእንጨቱን አካል አታሳንሱ። የሴቴውን፣ ማለትም ወንዴው የሚገባበትን ቀዳዳ፣ ውስጥ በቀጭን መሮ አጽዱ። በኮምጣጤ የራሰ ከሆነ አንድ ቀን ይድረቅ። ከዚያ ያለ ኮላ አስገብታችሁ ሞክሩ፤ በእጅ ግፊት መግባትና ሲዘቀዘቅ አለመውደቅ አለበት። ከላላ በመላጊያ የወጣ ስስ የእንጨት ልጣጭ በወንዴው ላይ በኮላ ለጥፉ፣ አድርቁ፣ እንደገና ለኩ።

ኮላውን በሁለቱም በኩል ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ አጋጥሙ፣ ከዚያ እሰሩ። ሞርሳ ከሌለ ገመድ ይበቃል፦ ገመዱን በአራቱ እግሮች ዙሪያ ሁለት ጊዜ አዙራችሁ ቋጥሩ፣ መሐሉ ላይ ዱላ አስገብታችሁ አጥብቃችሁ አዙሩ፣ ዱላውን እግሩ ላይ አሳርፉት። እግሩ እንዳይጫር ገመዱ በሚነካበት ቦታ ካርቶን አድርጉ። ተርፎ የወጣውን ኮላ በርጥብ ጨርቅ ወዲያው ጥረጉ። በዚህ ሁኔታ አራቱም እግሮች መሬት መንካታቸውን አረጋግጡ፤ ካልነኩ ኮላው ሳይደርቅ አስተካክሉ።

አሁን የደጋው ነገር ይመጣል። ነጭ ኮላ ከ10 ዲግሪ በታች በሚሆን ብርድ በትክክል አይጠነክርም፤ እንደ ኖራ ነጭና ተፈርፋሪ ሆኖ ይቀራል። በኅዳርና በታኅሣሥ በረንዳ ላይ ያደረ ወንበር በማግስቱ የደረቀ ይመስላል፣ ሲቀመጡበት ግን ይፈታል። ሥራውን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሩ፣ ኮላውን ቀድሞ ቤት ውስጥ አሙቁት፣ የተጣበቀውንም ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ 24 ሰዓት አሳድሩ። ቫርኒሽና የዘይት ቀለምም ይህንኑ ይፈልጋሉ። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ የተቀባ ቫርኒሽ ሌሊቱ ቀድሞት ጤዛ ያርፍበትና ወተት የመሰለ ጉም ይዞ ይደርቃል።

ቫርኒሽ፣ ሰምና የስኒ ምልክት

ቡና በሚፈላበት ቤት ሁሉ የጠረጴዛ ላይ ነጭ ቀለበት አለ። ትኩስ ስኒ ወይም ርጥብ ጀበና ወደ ላኩ (እንጨቱ ወደተቀባበት የሚያብለጨልጭ ቅብ) ውስጥ እርጥበት ሲያስገባ የሚፈጠር ነው። ነጭ ከሆነ መልካም ዜና ነው፣ ጉዳቱ ላኩ ላይ ብቻ ነው። ለሁለት ቀን ምንም ሳታደርጉ ተውት፤ አንዳንዱ ራሱ ይጠፋል። ካልጠፋ ቫዝሊን ቀብታችሁ አሳድሩና ጠዋት ጥረጉት። አሁንም ካለ ነጭ የጥርስ ሳሙና በለስላሳ ጨርቅ ይዛችሁ የእንጨቱን መስመር ተከትላችሁ ለግማሽ ደቂቃ ያህል አሹ፣ በርጥብ ጨርቅ አንሱ፣ አድርቁ። ጥቁር ቀለበት ከሆነ ግን ውሃው እንጨቱ ድረስ ገብቷል፤ ላኩን ሳያነሱ የሚጠፋ አይደለም።

ዕቃው በምን እንደተቀባ ለማወቅ የማይታይ ቦታ ላይ ቲነር በጥጥ ነክታችሁ ሞክሩ። ከለሰለሰና ከተጣበቀ በቲነር የሚቀጥን ላክ ነው፤ ላዩን ብቻ በ320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አሽቶ በዚያው ላክ ማደስ ይቻላል። ምንም ካልሆነ ጠንካራው ቫርኒሽ ነው፤ አዲሱ እንዲይዝ የድሮው ብልጭታ እስኪጠፋ በ220 ቁጥር መታሸት አለበት። የድሮው እየተላጠ ከሆነ በላዩ መቀባት ገንዘብ መጣል ነው፤ ሁሉም ይነሣ።

ለዋንዛ በርጩማና ለሌላ አሮጌ ዕቃ ሰም እመርጣለሁ። ንጹሕ የንብ ሰም በአካባቢያችን ይገኛል። 100 ግራም ሰም ፍቁና በጣሳ ውስጥ አድርጋችሁ ጣሳውን በሞቀ ውሃ ድስት ውስጥ አስቀምጡ። ሲቀልጥ ድስቱን ከእሳት አውርዱ፣ ከእሳትም ርቃችሁ 300 ሚሊ ሊትር አኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) ጨምሩበትና አማስሉ። አኳራጅ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል እሳት አጠገብ ፈጽሞ አይጨመርም። ሲቀዘቅዝ እንደ ቅቤ ይሆናል፤ በብርድ ወራት ከጠነከረ እስከ 400 ሚሊ ሊትር ማድረስ ይቻላል። ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ በሱፍ ጨርቅ አሹት። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክረምቱ ሲወጣና የካቲት ላይ፣ በቂ ነው። ብዙ ሰም መቀባት አቧራ ከመሰብሰብ በቀር ጥቅም የለውም።

የወጥ ዘይት አትቀቡ። የምግብ ዘይት አብዛኛው አይደርቅም፤ ይጣበቃል፣ ይከረፋል። የተልባ ዘይት ግን ከአየር ጋር ተዋህዶ ይደርቃል፣ በደጋው ብርድ ሳምንት ቢፈጅም። አንድ አደጋ አለው፦ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ ራሱ ሙቀት ፈጥሮ ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቁን ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አስወግዱት።

ቡፌው ላይ ዳንቴል የሚያነጥፍ ሰው በየወሩ ቦታውን ያቀያይር። ከዳንቴሉ ሥር ያለው እንጨት ፀሐይ ስለማያገኘው ሌላው ሲለወጥ እሱ እንዳለ ይቀራል፤ ከዓመታት በኋላ የዳንቴሉ ቅርጽ ታትሞ ይገኛል። የጠረጴዛ ላስቲክ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። ከሥሩ የገባ ውሃ መውጫ የለውም፣ ላኩንም ከላስቲኩ ጋር ያጣብቀዋል። ላስቲኩ ካስፈለገ በሥሩ ስስ የጥጥ ጨርቅ ይነጠፍ፣ ማታም ይገለጥ።

ሶፋና ባና

ሶፋ ሲገዛ ጨርቁን ሁሉም ያያል፣ ስፖንጁን ማንም አይመዝንም። ለመቀመጫ የሚሆን ስፖንጅ በሜትር ኩብ ቢያንስ 30 ኪሎ ግራም መመዘን አለበት። ለማረጋገጥ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ 750 ግራም ገደማ መሆን አለበት። 500 ግራም ከሆነ መጎድጎዱ አይቀርም። ትራሶቹ ከሶፋው የሚለያዩ ከሆነ በየወሩ ቦታ ለዋውጧቸው፣ ገልብጧቸውም።

የመንዝ ባና ለደጋ ቤት ከማንኛውም ምንጣፍና አልጋ ልብስ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ጥቁሩ፣ ቡናማውና ነጩ የበጉ የራሱ ቀለም ነው፤ ሶፋ ላይ ሲጣል ሳሎኑን ሌላ ጌጥ ሳያስፈልገው ይሞላዋል። ጠላቱ ብል ነው። ጨርቁን የሚበላው የሚበረው ሳይሆን ትሉ ነው፤ ትሉም ጨለማ፣ ጸጥታና ላብ ወይም ቅባት የነካው ቦታ ይወዳል። ስለዚህ የቆሸሸ ባና አጥፎ ማስቀመጥ ለብል መጋበዝ ነው። በየወሩ አውጥታችሁ አራግፉ፣ በብሩሽ በተለይ እጥፋቱን ጥረጉ። ሲታጠብ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና፣ ሳይታሽ፣ እየተጫነ ብቻ ይሁን። ሙቅ ውሃና ማሸት ሱፉን ያቆላልፈዋል፣ ያሳጥረዋል፤ ወደኋላ አይመለስም። አይጠመዘዝም፤ በፎጣ ተጠቅልሎ ይጨመቃል፣ በጥላ ተዘርግቶ ይደርቃል። የሌሊት ውርጭ ብልን ይገድላል የሚባለውን አትመኑ፤ የእኛ ውርጭ ለዚያ አይበቃም።

ሳሎኑን በደብተር ላይ

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የተማሪ ባለ ካሬ ደብተር አንድ ገጽ ውሰዱ። ባለ 5 ሚሊ ሜትር ካሬ ከሆነ አንዱ ካሬ 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የክፍሉን ርዝመትና ወርድ፣ በሩን፣ በሩ የሚከፈትበትን ቅስት፣ መስኮቶቹንና የመብራት ሶኬቶቹን ሣሉ። ከዚያ እያንዳንዱን ዕቃ በዚሁ ልክ ከካርቶን ቆርጣችሁ ወረቀቱ ላይ አንቀሳቅሱ። ሰው የሚያልፍበት መንገድ ከ80 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር፣ በሶፋና በመሐል ጠረጴዛ መካከል ከ40 እስከ 45፣ ከምግብ ወንበር ጀርባ 75 ሴንቲ ሜትር ተዉ።

ከሁሉ በፊት ግን ለረከቦቱ ቦታ ያዙ። ብዙ ሰው ሳሎኑን በሶፋ ዙሪያውን ይሞላና ቡና ሲፈላ ከሰሉ በር ላይ ወይም መጋረጃ ሥር ይቀመጣል። 1.5 በ1.5 ሜትር የሆነ፣ ከመጋረጃና ከሶፋ ጨርቅ ቢያንስ 1 ሜትር የራቀ፣ ሁሉም ተቀምጦ የሚያየው ቦታ ይኑረው። ምድጃው በሰፊ የብረት ትሪ ላይ ይቀመጥ፤ ፍንጣሪ ምንጣፍ ይበሳል። አጠገቡ የሚከፈት መስኮት ይኑር። ከሰል በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል፤ ብርድ በበዛበት አገር ይህ ተደጋግሞ ቢነገር አይበዛም። ለማሞቂያ ተብሎ ከሰል አስገብቶ መተኛት ፈጽሞ አይደረግ።

ስለ ፀሐይ። በበጋው ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታጋድላለች፣ ስለዚህ በደቡብ በኩል ያለ መስኮት ብርዱ በሚጠናበት ጊዜ ሙቀት ያስገባል። መቀመጫውን እዚያ አድርጉ። ቡፌውን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ሥዕሎችንና በቀለም ሰበዝ የተሰፋ መሶብን ግን ፀሐይዋ ቀጥታ ከምታርፍበት አርቁ። በዚህ ከፍታ ፀሐይዋ ኃይለኛ ናት፤ ቀይ ጨርቅ በአንድ በጋ ሮዝ ይሆናል። መጋረጃው ከኋላው ወፍራም ነጭ ገበር ይኑረው፣ የጨርቁ ወርድ የመስኮቱ እጥፍ፣ ዘንጉም ከመስኮቱ በላይ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር፣ በየጎኑም 20 ሴንቲ ሜትር ተርፎ ይታሰር። እንዲህ ሲሆን መጋረጃው ተከፍቶ ብርሃኑን አይጋርድም፣ ተዘግቶም በጎን የሚገባውን ብርድ ይቀንሳል።

ስለ ግድግዳ ቀለም ብዙ አልልም፤ ምርጫ ነው። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ቢያንስ አራት ሳምንት፣ በክረምት ከዚያም በላይ ሳይደርቅ አይቀባ። በጭቃ በተገነባ የድንጋይ ግድግዳ ላይ የፕላስቲክ ቀለም ውሃውን ውስጥ ያፍነዋል፣ በዓመቱም ተገሽልጦ ይወርዳል፤ ኖራ ይሻለዋል፣ ግድግዳው ይተነፍሳል። በጭቃ ቤት መደርደሪያም ሆነ ከባድ ሥዕል ሲሰቀል ፊሸር (ብሎን እንዲይዝ ግድግዳ ውስጥ የሚገባው ፕላስቲክ) አይይዝም። ግድግዳውን በጣት መገጣጠሚያ እየኳኳችሁ ድምፁ የሚደነድንበትን ቋሚ ፈልጉና ብሎኑን እንጨቱ ላይ ምቱ። ረጅም ቡፌ በተለይ ሕፃናት ባሉበት ቤት ከላይ በኩል ከቋሚው ጋር ይታሰር።

ቆላው ሌላ ነው

ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬና ዙሪያው ላይ የተነገረው ሁሉ ይቀየራል። ውርጭ የለም፣ ኮላም ቫርኒሽም በቀላሉ ይደርቃሉ፤ እንዲያውም በቀትር ሙቀት ቫርኒሹ ሳይረጋ ስለሚደርቅ ጠዋት ማለዳ ይቀባ። ባናው ለእንግዳ አልጋ ካልሆነ አያስፈልግም። ችግሩ ነቀዝና ምስጥ ነው።

ነቀዝ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳና እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ያሳያል። ብናኙን ጠርጋችሁ ነጭ ወረቀት ከሥሩ አንጥፉ። በሳምንቱ አዲስ ዱቄት ከወደቀ ትሉ ውስጥ አለ፤ ለእንጨት የተዘጋጀ ፀረ ተባይ በስሪንጅ በየቀዳዳው ይሰጥና ዕቃው ለሁለት ሳምንት በላስቲክ ይጠቀለል። በዚህ ሥራ ጓንት አይቀር፣ ክፍሉም ክፍት ይሁን። ነጭ ጋዝ መቀባት ለጊዜው ያርቀዋል እንጂ አይቆይም፣ ለእሳትም ያጋልጣል።

ምስጥ ግን ቀዳዳ አያሳይም። ከውስጥ በልቶ ላዩን እንደ ወረቀት ይተወዋል፤ ምልክቱ ከመሬት ተነሥቶ በግድግዳው ወይም በዕቃው እግር ላይ የሚወጣ የአፈር መስመር ነው። የአልጋውንና የቁም ሳጥኑን እግሮች ድንጋይ ወይም ብረት ላይ አቁሙ፣ ወይም በትንሽ ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አድርጋችሁ የተቃጠለ የሞተር ዘይት አፍስሱበት፤ ከግድግዳም ፈቀቅ ይበል፣ አለዚያ በግድግዳው ይሻገራል። በየሁለት ሳምንቱ በባትሪ ከኋላ ተመልከቱ። የአፈር መስመር ካያችሁ ሁሉንም ሳትጠርጉ መሐሉን አንድ ጣት ያህል ስበሩትና በማግስቱ ተመለሱ። የተሰበረው ተጠግኖ ከተገኘ ምስጡ ሥራ ላይ ነው፤ ዕቃውን ዛሬውኑ አንሥታችሁ መስመሩ ከመሬት የሚነሣበትን ቀዳዳ ፈልጉ፣ መድኃኒቱ የሚሰጠው እዚያ ነው።